በዳዊት ማኅደር የተዘጋው ኮድ

ባለፈው ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ምስር እየመዘንኩ ሳለ መብራት ሄደና ተመለሰ። ይህ በከተማችን በመሐል ሜዳ ወሬ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ሚዛኔ ግን በድንገት ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው ነው፤ ሲነቃ መጀመሪያ የሚናገረው አይታመንም። እጄን ከሚዛኑ ላይ አነሳሁና ደንበኛዬን «ትንሽ ቆይ» አልኩት።

«ምን ትጠብቃለህ ጋሽ ታደለ? ቁጥሩ ወጣ እኮ!»

«ይውጣ። ገና አልነቃም።»

ከሞላሌ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ለካኝ። ነጋዴ ሚዛን ፊት ቆሞ «ቆይ» ሲል ሰው ኪሱን ይዳብሳል፤ አልፈርድበትም። ሚዛኑ ሲረጋ ቁጥሩ ተቀየረ፤ ለውጡም እሱን የሚጠቅም ሆነና አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዋን ደቂቃ አለማመን የተማርኩት ከሚዛን አይደለም፤ ከፊዚክስ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለ ፊዚክስ ሲያወራ መስማት በየቀኑ አይገኝምና ልንገራችሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እግሬም አንድ ቦታ አይረጋም። ከበግ ንግድ ወደ ጨው፣ ከጨው ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የዘለልኩት አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ስለሚያምረኝ ነው። አባታችን «ይህ ልጅ የተቀመጠበት በርጩማ እንኳን ያልበዋል» ይሉኝ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ጠባብ ቤት ተከራየሁና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደረደርኩበት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ስልክ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። በረንዳው ላይ አንዲት ጀነሬተር ነበረችኝ። የማስነሻ ገመዷ ከተበጠሰ ቆይቶ፣ አባታችን ከጓሳ ሣር ገምደው በሰጡኝ ገመድ ነበር የምትነሳው። እሷም እንደኔ ናት፤ ስትነሳ ማቆም፣ ስትቆም ማስነሳት ጭንቅ ነው።

ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩነሽ መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አብረዋት የሚማሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ነበሯት። አንዱ ግርማ ነው፤ የቀየት ልጅ፣ ረጅም፣ ቁጥብና ኩሩ። ሁለተኛው ሰይድ፣ ከቆላው የወጣ የነጋዴ ልጅ፣ ቀልድ ካላወራ ምግብ የማይወርድለት። አገራችን ከፍታ ስለሆነ የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ሳጥን አስቀምጧል። ሳጥኑ ሌት ተቀን ከሰማይ የሚወርዱ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይቆጥራል።

«ከሰማይ የሚወርድ እኔ የማውቀው በረዶ ነው» አልኳት አንድ ቀን።

«ይሄ ይለያል። ጣሪያውንም አንተንም ሰንጥቆ አልፎ ይሄዳል።»

«ሱቄ ገብቶ፣ ምንም ሳይገዛ?»

«ምንም ሳይገዛ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅንጣቱን አልወደድኩትም።

ሦስቱም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩት በዚሁ ሳጥን መዝገብ ላይ ነው። ጥያቄያቸው ግን ለየቅል ነው። ሰይድ ቀንና ሌሊትን ያነጻጽራል፤ እህቴ ክረምትና በጋን። ግርማ ደግሞ ነጎድጓድ ሲመጣ ቅንጣቱ ይበዛል የሚል ነገር አግኝቷል፤ ወረቀት ላይ ሲስለው እንደ ኮረብታ ብቅ የሚል ጭማሪ ነው፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያሳየዋል። ለሦስቱም የሚቆጥርላቸው አንድ ኮድ ነው። ኮድ ማለት ለኮምፒውተር የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ይህን ቁጠር፣ ያንን ጣል፣ ይህን ከዚያ ጋር ደምር የሚል። አንዱ ቆጠራ ቀናት ይፈጃል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ለተማሪ ናቸው፤ የኔዎቹ ለማንም ናቸው። ስለዚህ መጡብኝ።

እህቴ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ከሁለቱ የከበደ ነበር። ልጅ ስትወልድ አንዴ ጊዜ ተጨምሮላታል፤ ሌላ አይጨመርም። ጳጉሜ ሳይገባ ካላስረከበች ስሟ ይሰረዛል፤ የስንት ክረምት ልፋት ገደል ይገባል። አማካሪያቸው ደግሞ አንድ ነገር ተናግሯል፦ «ከአንድ ሳጥን ሦስት ዓይነት ቆጠራ ይዛችሁ ብትመጡ ከማናችሁም አልቀበልም።»

እነሱ ግን ከሦስትም አልፈው ነበር። ኮምፒውተሮቼ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «የመጨረሻው ይህ ነው» የሚባሉ ፋይሎች እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ቆጠራ ሲያስጀምሩ ማሽኖቹ እንደታመመ በሬ ያቃስታሉ፤ ፎቶ ኮፒ ፈልጎ የመጣ ሰው «ዛሬ ምን እያሰቡ ነው?» ብሎኝ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት እህቴ ጮኸች።

«ማነው ይሄን የነካው? የከሰዓቱ ዝናብ ሁሉ ጠዋት በደወል ሰዓት ዘንቧል!»

«እኔ ደካማውን ምልክት እንዲጥል ብቻ ነው ያደረግኩት» አለ ግርማ።

ሰይድ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ሰዓቱን... ወደ ሀበሻ ሰዓት መልሼው ነበር። ሳጥኑ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፈው፤ አሳዘነኝና...»

«ማን ነው ያሳዘነህ?»

«ሳጥኑ። እዚህ አገር እየኖረ በባዕድ ሰዓት!»

ማንም አልሳቀም። አባታችን የኮምፒውተሮቹን ሙቀት ወደው፣ በርኖሳቸውን ደርበው ጥግ ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ዳዊታቸውን አጥፈው ቀና አሉ።

«ይህ የምትጣሉበት ነገር የማን ነው?»

«የጋራ ነው አባባ» አለች እህቴ።

«ጠባቂ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ የጋራ አይደለም፤ የቀደመ ሰው ንብረት ነው። ዝጉት።»

ለማያውቅ ልንገር። ጓሳ ከከተማችን ወዲያ ያለው ሰፊ የሣር ምድር ነው። ጎጆ የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው በሱ ነው፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ስለዚህ ይዘጋል። ሲዘጋ ማጭድ አይገባም፣ ከብት አይገባም። ሲደርስ ቀኑ ይነገራል፣ ያን ቀን ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። አስቀድሞ ያጨደ ሰው መደበቂያ የለውም፤ ጣሪያው ላይ ያለው አዲስ ሣር ከሩቅ ያበራል። አባታችን በጉልበታቸው ዘመን ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ፤ «ዝጉት» ሲሉ የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት።

ሦስቱ ከሰዓቱን ሙሉ እየተነታረኩ በእያንዳንዱ ቁጥር ተስማሙ። የተስማሙበትን ኮድ አንድ ፍላሽ ላይ አኖሩት። ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ሁሉ የሱ ግልባጭ እንዲሆን፣ ማንም ምንም እንዳይለውጥ፣ ማሽኖቹንም በተራ እንዲጠቀሙ ማሉ። ሰይድ «ወላሂ አልነካም» ሲል አባታችን «በአምላኩ ከማለ ይበቃል» አሉ። ከዚያ ፍላሹን ተቀብለው የዳዊታቸው የቆዳ ማኅደር ውስጥ ከቱት።

«ሦስታችሁም ፊቴ ካልቆማችሁ አይወጣም» አሉ።

ሱቄ ሱቅ መሰለ። ማሽኖቹ ተነፈሱ። ፍልሰታ ገባ፣ ዝናቡ በረታ፣ ጉሙ ከመንገዱ እስከ በራችን ድረስ እየገባ ይሄዳል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ቆጠራ ላይ ያለ ኮምፒውተር አይነካም፣ አይንቀሳቀስም፣ ሲጨርስም አይታወቅም። ዶሮ ዕንቁላል ላይ ስትቀመጥ እንኳን ከዚህ ይሻላል፤ ዶሮዋ ቢያንስ ትዞርና ታይሃለች። ከበር እስከ ጓዳ ስመላለስ ሰይድ «ወለሉን ልትቆፍረው ነው ወይ?» ይለኛል።

በዚህ መሐል የግርማ አጎት ሞቱና ለለቅሶ ወደ ቀየት ሄደ። እሱ በሄደ ማግስት ነጎድጓድ መጣና መብራት ጠፋ። ጀነሬተሯን ሳልደርስባት መብራቱ ተመለሰ፤ ፕሪንተሩም ነቅቶ፣ ቀድሞ የጨረሰውን የአንድ ሰው ማመልከቻ ማንም ሳያዘው እንደገና አትሞ ተፋው። እህቴ ወረቀቱን አንስታ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ።

«ሳጥኑስ?» አለች። «መብራት ሲመለስ ሳጥኑስ?»

እሷና ሰይድ መዝገቡን ሲበረብሩ ዋሉ። መልሱ ወጣ። ሳጥኑም እንደ ፕሪንተሩ ነው፤ መብራት በተመለሰ ቁጥር የመጨረሻውን ቆጠራ መጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ደግሞ ይጽፈዋል፤ ኮዱም ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። እዚህ አገር ደግሞ መብራት የሚሄደው ነጎድጓድ ሲመጣ ነው።

«የግርማ ኮረብታ...» አለ ሰይድ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ነጎድጓድ ሲመጣ ቅንጣቱ አይደለም የበዛው» አለች እህቴ። «መብራቱ ነው የሄደው። የኔ ክረምትም የወፈረው በዚሁ ነው።»

ለኔ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «ታዲያ አስተካክይው።»

«ተዘግቷል።»

«ኮፒ የለሽም እንዴ?»

«ኮፒ አለኝ። ማጭድም አለኝ።»

አባታችን ዘንድ ቀረብን። ማኅደሩን በትከሻቸው አንግተው፣ ከቅዳሴ የተመለሱበትን ነጠላ እንኳን ገና አላወለቁም ነበር። «ሦስታችሁ ናችሁ?» አሉ። ግርማ እንደሌለ ስትነግራቸው ዓይኗን አላዩም፤ አንጀታቸው እንደማይችል ያውቁታል። «እንግዲያ አይወጣም ልጄ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሳይዘጋ ቢሆን በአንድ ቀን ይስተካከል ነበር፤ ሳይዘጋ ቢሆን ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ዝናቡን ጠዋት ያዘንቡት ነበር። ዛሬም ድረስ የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

የቀየት ኔትወርክ ያኔ ሲያሰኘው ነበር የሚሠራው፤ ግርማ ሊገኝ አልቻለም። ጊዜው እየነጎደ ነው፣ አዲስ ቆጠራም ቀናት ይፈልጋል። መቀመጥ የማልችል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቃሚ ሆንኩ። እህቴ የምለውን እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠናችኝ። በገብስ ዳቦ መሐል ስልጆ ቀባችና አስያዘችኝ፤ በመጨረሻ በር ላይ እጄን ይዛ «ጠይቀው፤ አትለምነው» አለች።

ጨው በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ሸራ ሥር ተጠቅልዬ ሄድኩ። የስልጆው ሰናፍጭ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ዓይኔን አስለቀሰው። መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ያልደረሰ ገብስ ጉም ውስጥ ይታይና ይጠፋል። አንድ ቁልቁለት ላይ ጎማው ሰጠመ። ሾፌሩ «ወርዳችሁ ግፉ» ሲል ሌሎቹ ገፉ፤ እኔ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። እንደቆመ መኪና የሚያሳብደኝ ነገር የለም።

ለቅሶ ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ድንኳኑ ሲታየኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጋሼ! ጋሼ!» እያልኩ ገባሁ፤ የሟቹን ስም አላውቀውም። ስልጆው ረድቶኝ እንባዬ እውነተኛ ነበር። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ወንድሜን ከየት ታውቀዋለህ?»

«በሥራ ነው እማማ።»

«እሱ እኮ ከዚህ ቀበሌ ወጥቶ አያውቅም!»

«ለዚህም ነው እኔ የመጣሁት» አልኳቸው።

ግርማ አይቶኝ ደነገጠ፤ በክንዴ ይዞ ወደ ጓሮ፣ ወደ ኩበቱ ክምር ወሰደኝ። በአንድ እጁ ጭብጥ ንፍሮ ይዟል። ያጠናሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

«መብራት ሲመለስ ነው ያለችህ?»

«የመጀመሪያዋ ደቂቃ።»

«የኔ ሥራ በሙሉ እኮ ያቺ ደቂቃ ናት ታደለ።»

እኔ በክርክር ነው የኖርኩት። በግ ላይ፣ ጨው ላይ፣ ቤት ኪራይ ላይ ተከራክሬ አውቃለሁ፤ መንገዱን ሙሉም ስንት ቃል ሳዘጋጅ ነበር። አንዱም አልወጣልኝም። ይህ ሰው ከኔ ጋር አልነበረም የሚከራከረው።

«እምቢ ብልስ?» አለ።

«አይከፈትም። አንተ እንዳለ ታስገባለህ። እሷ ግን ስህተት መሆኑን እያወቀች አታስገባም፤ ስሟ ይሰረዛል።»

«ለምነው ብላሃለች?»

«ጠይቀው፤ አትለምነው ነው ያለችኝ።»

ንፍሮውን በጣቱ እያገላበጠ ቆየ። ከድንኳኑ የሴቶቹ ሙሾ ይሰማል።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በመብራት የሚሠራው የትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት በቆመ ቀን ሁሉ የኔ ቅንጣት ይበዛል። ሲዘጋ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም ብዬ።» ንፍሮውን መልሶ ኪሱ ከተተው። «ሠልስቱ ይውጣና እንሄዳለን።»

እስከ ሠልስቱ ምን ላድርግ? ውኃ ቀዳሁ፣ እንጨት ፈለጥኩ፣ ነፋስ የገለበጠውን የድንኳን ምሰሶ አቆምኩ። ስንሰነባበት እኚያ አሮጊት ጉንጬን ስመው «የልብ ወዳጅ እንዲህ ነው፤ ወንድሜ ሰው ነበረው» ብለው መረቁኝ። ወደ ኋላ ስመለከት ሟቹን በእውነት የማውቃቸው መሰለኝ።

ከግርማ ጋር መሐል ሜዳ ስንደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። አባታችን ተነስተው ቆሙ፤ ሦስቱም ፊታቸው ቆሙ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠየቁ። ሰይድ «ይከፈት» አለ። እህቴ «ይከፈት» አለች።

«ግርማ፣ ይከፈት?»

እህቴ ወለሉን ታያለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ።

«ይከፈት አባባ» አለ።

ቆዳ ቆዳ የሚሸተውን ፍላሽ አወጡት። እህቴ ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ግርማ ቀደማት። «እኔ ልጻፈው» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ መብራት ከተመለሰ በኋላ ያለችውን የመጀመሪያ ደቂቃ ጣል የሚለውን ትእዛዝ በገዛ እጁ ጻፈ። አጭር ነበር። ሁለቱ ከትከሻው በላይ አነበቡት፤ ማንም አላረመውም።

ገበያው ደርቶ እያለ በሬ ላይ «ዝግ ነው» ብዬ ለጠፍኩ። መዝገቡን እንደ ሣር ድርሻ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ማሽን ሰጡት። ደመናው ከጓሳ በኩል ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር፣ መብራቱ ሳይቀድመኝ የአባታችንን ገመድ እስባለሁ። ያቺ እልኸኛ ጀነሬተር እነዚያን ቀናት አንድ ጊዜ እንኳን አላሳፈረችኝም።

ቆጠራው ያለቀው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ወጣ። የግርማ ኮረብታ የነበረበት ቦታ እንደ እጅ መዳፍ ለጥ ብሏል። ሰይድ ዝምታ የሚባል ነገር አይችልምና፦

«ንፍሮ ይቀቀል እንዴ?» አለ፤ ብሎም እንደጨረሰ አፉን በእጁ ያዘ።

ግርማ ዞሮ አየው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ከቀየት የመጣችውን የደረቀች ንፍሮ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በተናት። ሳቀ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እኛም አብረን። የትኛው እንባ ለየትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም።

እህቴ በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ደብረ ብርሃን ወረደች፤ በጊዜው አስረከበች። የእሷ ክረምት ሳስቶ ነበር፤ ግን የራሱ ነበር። ሰይድም አስረከበ። ግርማ ያን ዓመት አላስገባም፤ የሚያስገባው አልነበረውም። ጳጉሜን ከኔ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ሲያይ ነው ያሳለፈው፤ ነጎድጓድ ሲያጓራ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ጀመረና ጨረሰ። በምን ላይ እንደጻፈ ጠይቄው «ስለ ሌላ ነገር» ነው ያለኝ።

ኮምፒውተሮቹን ሸጥኳቸው፤ ከነሱ ወደ ልብስ፣ ከልብስ ወደ እህል ዘለልኩ። አባታችን ሲያርፉ ማኅደሩ ለእህቴ ደረሰ። ሥራው ካለቀ በኋላ ፍላሹን መልሰው ከተውት ነበርና፣ በቀደም ስልክ ደውዬ «አሁንም ውስጡ አለ?» አልኳት።

«እኔ እንዴት አውቃለሁ?» አለችኝ። «ሦስታችን አልቆምንም።»

ሰይድ ቆላ ነው፣ ግርማ ሩቅ ነው። ቢቆሙስ የትኛው ኮምፒውተር ያነበዋል? ይሁን፤ እንደተዘጋ ይቆይ።

ዕድሜዬ ገፍቶም እግሬ አልረጋም፤ ሚስቴ ምስክር ናት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ሱቄ ውስጥ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ደንበኛው ይቁነጠነጣል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ ሚዛኑ የማንም ያልሆነ ቁጥር ያበራል። ለኔ የሚታየኝ ኩበቱ ክምር አጠገብ የቆመው ረጅም ሰው ነው፤ ንፍሮውን በጣቱ ያገላብጣል፣ ገና አልመለሰም። አልቸኩለውም። ቁጥሩ ይረጋል፤ ያን ጊዜ እመዝናለሁ።